ሃያው ሃያ አልነበረም፦ ሃይድሮጂንና የተፈጥሮ ጋዝ፣ 4ኛ ወር

ባለፈው ወር የላክሁላችሁ ሂሳብ ስህተት ነበረበት። «የመኪና ነዳጅ በሆነው የተፈጥሮ ጋዝ ውስጥ 20 በመቶ ሃይድሮጂን ከተቀላቀለ ካርቦኑም በ20 በመቶ ይቀንሳል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ማንም አላረመኝም! ስህተቱን ያገኘሁት ማታ ከሥራ ገብቼ ደብተሩን እንደ አዲስ ስገልጥ ነው።

20 በመቶው በይዘት፣ ማለት በሜትር ኩብ ሲለካ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዙ ዋና ክፍል) ወደ 35.8 ሜጋጁል ጉልበት ሲሰጥ ሃይድሮጂን 10.8 ብቻ ይሰጣል። ሰማንያ እጁን ከዚያ፣ ሃያ እጁን ከዚህ ወስጄ ብደምር 30.8 መጣ። ከዚህ ውስጥ የሃይድሮጂኑ 2.16 ነው፤ 7 በመቶ መሆኑ ነው። በክብደትማ 3 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ የሞተሩ ብቃት ካልተሻሻለ በቀር ካርቦኑ የሚቀንሰው በ7 በመቶ ገደማ ነው። ቦምቦላው የሚይዘው ጉልበት ደግሞ ቢያንስ በ14 በመቶ ያንሳል።

ታዲያ ለምን ይለፋበታል? እኛ ዴንቨር ያለነው ይህን መጠየቅ አለብን፤ 20 በመቶ ግድም የሆነው ቅልቅል «ሃይቴን» ተብሎ በመኪና ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ከተማ ነው።

መልሱ ነበልባሉ ላይ ነው። ሚቴን ሰነፍ ነው፤ ነበልባሉ በሰከንድ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ የሃይድሮጂን ከ2 ሜትር በላይ። ለመቀጣጠል ሚቴን 0.29 ሚሊጁል ያህል ሲፈልግ ሃይድሮጂን 0.02 ይበቃዋል። በኔ አባባል ሃይድሮጂኑ ጭራሮ ነው እንጂ ግንድ አይደለም። እንጀራ የሚጋገረው በግንዱ ነው፤ ያለ ጭራሮ ግን ግንዱ ሲጨስ ይውላል። አየር ሲበዛበት ሚስ የሚያደርግ (አልፎ አልፎ ሳይቀጣጠል የሚያልፍ) የጋዝ ሞተር ትንሽ ሃይድሮጂን ሲያገኝ ያንን ትርፍ አየር ይችላል። አየሩ ሲበዛ ሙቀቱ ይወርዳል፣ አየር የሚበክለው ናይትሮጂን ኦክሳይድም አብሮ ይወርዳል። አየሩ ሳይጨመር፣ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ወደ ኋላ ሳይመለስ ሃይድሮጂን ብቻ ከተጨመረ ግን ናይትሮጂን ኦክሳይዱ ይብሳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው።

ይህን ይዤ እየተኩራራሁ ጋራዥ ሄድኩ። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ካንዴላ በጣታቸው ይዘው ክፍተቱን እየለኩ አዳመጡኝና ቀና ሳይሉ፣ «እሺ፣ ካታሊስቱን ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ፤ የጭስ ማጽጃውን ማለታቸው ነው።

ዝም አልኩ። እኛ የምንጠግናቸው የቆሻሻ መኪኖች አየርና ጋዙን ልክ በልክ አድርገው የሚያቃጥሉ፣ ባለ ሦስት መንገድ ካታሊስት የተገጠመላቸው ናቸው። ትርፍ አየር ከሰጠኋቸው ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ይተርፋል፣ ካታሊስቱም ናይትሮጂን ኦክሳይዱን መፍታት ያቅተዋል። የኔ «ትርፍ አየር» ለድሮዎቹ ሞተሮች እንጂ ለነዚህ አልሆነም። ያለው አማራጭ በአየር ፈንታ የራሱን ጭስ መልሶ ማስገባት ነው፤ ነበልባሉን በማዳከም ጭስም ከአየር አያንስምና እዚያም ጭራሮው ያግዛል። አሁን የምሠራው ይህን ነው።

ሕንድ ዴልሂ ውስጥ ስለተሞከረው ቅልቅል ለጠየቃችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በ50 አውቶቡሶች የተጀመረው ሙከራ 18 በመቶ ሃይድሮጂን ነበረው። ከጋዙ ከፊሉ ማደያው ላይ ወደ ሃይድሮጂን ይለወጥና ቅልቅሉ ተዘጋጅቶ ይወጣ ነበር፣ ሃይድሮጂን በቦቴ ማመላለስ አልነበረም። ብልሃቱ ደስ ይለኛል፤ ግን ሃይድሮጂኑ ከዚያው ከጋዙ ስለሆነ የወጣለት ካርቦን ማደያው ላይ ቀረ እንጂ አልጠፋም።

«ቤትህ ሞክረኸዋል ወይ?» ላላችሁኝ፣ አልሞከርኩም፣ አልሞክርምም። ሃይድሮጂን በቀን ሲነድ ነበልባሉ አይታይም ማለት ይቻላል፣ አንዳንዱን ብረትም ውስጡ ገብቶ ያሰብረዋል።

ያለፈውን ሠንጠረዥ የወሰዳችሁ፣ ሦስተኛው አምድ ላይ ያለውን 20 አጥፉና 7 ጻፉበት።