የአሜሪካ ፋውንድሪ ማኅበር አንድ ዓመት ከአሸዋ ላቦራቶሪ ሲታይ

የምሠራው በዊስኮንሲን ግዛት በሚገኝ አንድ ፋውንድሪ (ብረት አቅልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚያፈስ ፋብሪካ) የአሸዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሚልዋኪ ላይ ከተካሄደው ዓመታዊ የካስቲንግ (የብረት ቀረጻ) ጉባኤ አንሥቶ፣ በኤፕሪል 2025 አትላንታ ላይ እስከተከፈተውና በየሦስት ዓመቱ እስከሚዘጋጀው የካስትኤክስፖ ኤግዚቢሽን ድረስ፣ የአሜሪካ ፋውንድሪ ማኅበር ለኢንዱስትሪው የሚሰጠውን ድጋፍ በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። በሙያው ላላችሁ ወገኖቼ፣ እዚህም ሆነ አገር ቤት ለምትሠሩ፣ ከዚህ ክትትል የቀሰምኩትን ላካፍላችሁ።

ማኅበሩ በ1896 በፊላደልፊያ የተመሠረተ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ከቺካጎ አጠገብ በሻምበርግ ከተማ ይገኛል። በአሜሪካ ዛሬ ከ2,000 ያነሱ ፋውንድሪዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ከ100 በታች ሠራተኛ ያላቸው ስለሆኑ የራሳቸውን የምርምር ክፍል ማቋቋም አይችሉም። ከየፋብሪካው የተውጣጡ ባለሙያዎች በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉባቸው የማኅበሩ የቴክኒክ ኮሚቴዎች ይህን ክፍተት ይሞላሉ፤ የጥናት ጽሑፎቻቸው በየዓመቱ ለጉባኤ ቀርበው ይታተማሉ። በእኔ እምነት ማኅበሩ ለኢንዱስትሪው ካበረከተው ሁሉ የሚበልጠው ግን ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት የጋራ መለኪያ ነው።

ለምሳሌ የአሸዋ ቅንጣት ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ የሚያሳየውን የደቃቅነት ቁጥር እንውሰድ። ከአሸዋው ውስጥ ቅንጣቶቹን የሚያያይዘው ሸክላ ታጥቦ ከወጣና አሸዋው ከደረቀ በኋላ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ቀዳዳ በተደረደሩ ወንፊቶች ለ15 ደቂቃ ይናጣል። በእያንዳንዱ ወንፊት ላይ የቀረው በመቶኛ ይሰላና ለዚያ ወንፊት በተወሰነው ማባዣ ይባዛል፤ የብዜቶቹ ድምር ለጠቅላላው መቶኛ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት የደቃቅነት ቁጥሩ ነው። አንድ አሸዋ በ50 ቁጥር ወንፊት (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ያንሳል) ላይ 30 በመቶ፣ በ70 ላይ 55 በመቶ፣ በ100 ላይ 15 በመቶ ቢቀር፣ በማባዣዎቹ በ40፣ በ50 እና በ70 ተባዝቶ ድምሩ 5,000 ይሆናል፤ ይህም ለ100 ሲካፈል 50 ይመጣል።

ሌላ አሸዋ ደግሞ በ40 ቁጥር ወንፊት ላይ 30 በመቶ፣ በ50 ላይ 20፣ በ70 ላይ 25፣ በ100 ላይ 15፣ በ140 ላይ 10 በመቶ ቢቀርስ? ማባዣዎቹ 30፣ 40፣ 50፣ 70 እና 100 ናቸው፤ ድምሩ አሁንም 5,000፣ የደቃቅነት ቁጥሩም 50 ነው። ሁለቱ አሸዋዎች ግን ቅልጡ ብረት በሚፈስበት የአሸዋ ቅርጽ (ሞልድ) ውስጥ ጠባያቸው ይለያያል። በሦስት ወንፊት ላይ የተከማቸው አየር በደንብ ያሳልፋል፤ ነገር ግን የአሸዋው ዋና ማዕድን የሆነው ሲሊካ በ573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በድንገት ስለሚለጠጥ፣ ቅንጣቶቹ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው እንደ መሆናቸው አንድ ላይ ተገፋፍተው የሞልዱን ፊት ሊሰነጥቁት ይችላሉ። በአምስት ወንፊት ላይ የተዘረጋው ይህን ግፊት በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ ትንንሾቹ ቅንጣቶች በትልልቆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞሉት ጋዝ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከአሸዋ አቅራቢ ጋር ስትነጋገሩ የደቃቅነት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ወንፊት ዝርዝር ውጤት ጠይቁ።

የአየር ማሳለፍ ዐቅምና የጥንካሬ ፍተሻም በዚሁ መንገድ አንድ ወጥ ሆኗል። ዲያሜትሩም ቁመቱም 2 ኢንች የሆነው ናሙና የሚዘጋጀው 14 ፓውንድ የሚመዝነው መምቻ ከ2 ኢንች ከፍታ ሦስት ጊዜ ሲወድቅበት ነው። እኔ ዊስኮንሲን ላይ የማገኘውን ቁጥር አላባማ ያለ ባልደረባዬ የሚረዳው ሁለታችንም ናሙናውን በአንድ ዓይነት መንገድ ስለምናዘጋጅ ነው።

በአንድ ጉዳይ ግን ከማኅበሩ ጋር አልስማማም። ኦሻ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ደንብ፣ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ውስጥ በአማካይ የሚተነፍሰው የሲሊካ ብናኝ በኪዩቢክ ሜትር አየር ከ50 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ማኅበሩ ይህ ለፋውንድሪዎች በቴክኒክም በዋጋም የማይቻል ነው ብሎ ከሌሎች የኢንዱስትሪ ማኅበራት ጋር ተከራከረ፤ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በዲሴምበር 2017 የኢንዱስትሪውን ክርክር አልተቀበለም። ሲሊኮሲስ ከዚህ ብናኝ የሚመጣ፣ ሳንባን በጠባሳ የሚያደነድንና መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው፤ የተቀረጸው ብረት (ካስቲንጉ) ከአሸዋው ሲራገፍና ሲሞረድ አጠገቡ የሚቆመው ሠራተኛ ብናኙ ከገደቡ በታች የሆነ አየር የመተንፈስ መብት አለው ብዬ አምናለሁ። ያም ሆኖ ማኅበሩ ስለ አየር ማስወጫ፣ ስለ አሸዋ እርጥበትና ስለ ብናኝ ልኬት ለአባላቱ የሚሰጠው ሥልጠና ጠቃሚ መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም።

ወጣቶችን በተመለከተ፣ በ1947 የተቋቋመው የፋውንድሪ ትምህርት ፋውንዴሽን ተማሪዎችን በገንዘብ እየረዳ ከአሠሪዎች ጋር ያገናኛል፤ ማኅበሩም በየዩኒቨርሲቲው የተማሪ ቅርንጫፎች አሉት። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ጡረታ በሚወጡበት በዚህ ጊዜ ከዚህ የሚቀድም ሥራ ያለ አይመስለኝም።

ቀጥዬ የምማረው በአሸዋው ውስጥ የቀረውን፣ በሙቀት የማያያዝ ዐቅሙን ያላጣ ቤንቶናይት (ማያያዣ ሸክላ) ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም መለካት ነው። በአቃቂም ሆነ በሌላ ቦታ ፋውንድሪ ውስጥ የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ የወንፊት ስብስብና ትክክለኛ ሚዛን ካላችሁ ከላይ ያለውን ስሌት በራሳችሁ አሸዋ ላይ ሞክሩትና የየወንፊቱን መቶኛ አካፍሉን፤ ጎን ለጎን አድርገን እንመለከተዋለን።