ሸክላው የሚያውቀው፣ እኛ ያላወቅነው

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ አራት ሆነን ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሙቀት መቆጣጠሪያ እንሠራለን። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ሙቀቱን ልኩ ላይ ብናቆመው የመብራት ሒሳብ ይቀንሳል ብለን ነው የተነሳነው። ስምንት ወር በራችንን ዘግተን ሠራን። ሐሳባችን ይሰረቃል ብለን ለጓደኛ እንኳ አልተነፈስንም።

ጠረጴዛ ላይ ቆንጆ ይሠራ ነበር። ከዚያ እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ አንዲት እናት ወሰድንላቸው። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ። አምስተኛው ላይ ሊጡ ሲፈስ ምጣዱ ዝም አለ። እማማ ዞር ብለው፣ "ልጆቼ፣ አይሰማችሁም እንዴ? ምጣዱ እኮ ቀዝቅዟል" አሉን። የእኛ ስክሪን ግን 200 ዲግሪ ይላል።

ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ያሰርነው ከሸክላው ሥር፣ ማሞቂያው ሽቦ አጠገብ ነበር። ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት ላዩ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ሸክላ ሙቀት ቶሎ ስለማያስተላልፍ ሥሩ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

መላውን ያመጣው አንድ ምጣድ ሠሪ ነው። "ሸክላው ሳይተኮስ ከጎኑ ቀዳዳ ልተውላችሁ፤ ሴንሰሩ ወደ ላይኛው ፊት ተጠግቶ ይግባ" አለን። በቃ፣ ሠራ!

አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሄንሪ ቼስብሮ በ2003 እ.ኤ.አ. "ክፍት ኢኖቬሽን" ያለው ይህንኑ ነው፦ በር ዘግቶ ከመሥራት ይልቅ ከውጭ ሰው ሐሳብ መቀበል፣ የራስንም ማካፈል። የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ላብራቶሪ ለሌለን ለእኛ ግን የባሰ ያስፈልገናል።

ቀጥሎ የሰርኪዩቱን ንድፍ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጠን። አንዷ ሪሌው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ እንደሚያልቅ አይታ፣ በሚበራበትና በሚጠፋበት ሙቀት መካከል ክፍተት አስደረገችን።

የሚቆጨኝ ከምጣድ ሠሪው ጋር በወረቀት አለመዋዋላችን ነው። ልንሸጥ ስንል "የእኔስ ድርሻ?" አለ። እውነቱን ነው፤ አፈርኩ። ከእያንዳንዱ ምጣድ እንዲከፈለው ተፈራረምን። ሽያጩን አቆይተን ቀዳዳውን ሌላ ሰው እንዳይቀዳው የአነስተኛ ፈጠራ ጥበቃ ማመልከቻ በጋራ አስገባን። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ጥበቃው ለ5 ዓመት ነው፤ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የሰርኪዩቱን ንድፍ ለሁሉም ከፈትነው፣ ቀዳዳውን ግን የጋራችን አደረግነው።

ለሁለተኛው ሞዴል ገና አንድ መስመር አልሳልንም። ይህን ሳምንት እማማ ቤት ቁጭ ብለን አክንባሎውን በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚያነሱ እየቆጠርን ነው።