የላላውን የጣቴን መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና እንዴት አስተካከልኩ

መጀመሪያ የተሰማኝ ከሁለተኛው የእግር ጣቴ ሥር፣ ጠጠር የረገጥኩ ዓይነት ሕመም ነበር። ቆይቶ ጣቱ ወደ አውራ ጣቱ ማዘንበልና ከመሬት መነሳት ጀመረ።

ራጅ የሚያሳየው አጥንቱን ነው። ነገሩን የለየው የሐኪሙ እጅ ነው። በአንድ እጁ ከጣቱ ኋላ ያለውን የእግሬን አጥንት ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ በሌላው ጣቴን ከሥሩ ይዞ ወደ ላይ ገፋው። ጣቱ ከመገጣጠሚያው ሸርተት አለ። ጤነኛው እግሬ ላይ ሲሞክረው ግን ንቅንቅ የለም። ከመገጣጠሚያው ሥር ሆኖ ጣቱን የሚይዘው ወፍራም ጅማት ተቀዶ ነበር።

ጣቱን ወደ ታች ስቦ በፕላስተር ማሰር፣ ሶሉ የማይታጠፍ ጫማ፣ ከሚያመው ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ የሚገባ ስፖንጅ፣ ሁሉንም ሞከርን። ሕመሙ ቀነሰ፤ ጣቱ ግን አልተመለሰም። የስቴሮይድ መርፌን ሐኪሙ አልወደደውም። ያስታግሳል፣ ግን የተጎዳውን ጅማት ይበልጥ ሊያዳክመው ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ጣትን የሚያጥፈውን ጅማት ለሁለት ሰንጥቆ፣ በጣቱ ግራና ቀኝ ወደ ላይ አውጥቶ መስፋት ነው። ጣቱን ወደ ታች ይይዘዋል፤ ግን ግትር ሊያደርገው ይችላል። ሌላው የተቀደደውን ራሱን መስፋት ነው። በውስጥ እግር በኩል ቢገባ ቅዳዱ ፊት ለፊት ይታያል፤ ጠባሳው ግን የምንረግጥበት ቦታ ላይ ይቀራል። ከላይ ሲገባ ቦታው ስለሚጠብ ከጣቱ ኋላ ያለው አጥንት በሰያፍ ተቆርጦ ወደ ኋላ ይገፋል። ዋይል የሚሉት ይኼን ነው።

እኔን ያሳመነኝ ይኼኛው ነው። ከሁለተኛው ጣቴ ኋላ ያለው አጥንት ከጎረቤቶቹ ስለሚረዝም ጫናው የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። ጅማቱ ተሰፍቶ አጥንቱ እንዳለ ቢተው ያው ጫና ይመለሳል። ክሩ በጅማቱ አልፎ፣ የጣቱ አጥንት ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ወጥቶ ታሰረ። የተቆረጠው አጥንት በትንሽ ብሎን ተያዘ።

ዋይል አንድ የታወቀ ችግር አለው፤ ጣቱ መሬት ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው ማገገሚያውን እንደ ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነገር አድርጌ የያዝኩት። መጀመሪያ ተረከዝ ላይ ብቻ የሚያስረግጥ ጫማ። ከዚያ ሐኪሙ ሲፈቅድ ጣቱን ወደ ታች ማጠፍ፣ ያውም ከሥሩ። ጫፉን ብቻ ማጠፍ ለተሰፋው መገጣጠሚያ ምንም አይሠራለትም። እብጠቱ ወራት ይፈጃል፣ አትደንግጡ።

አሁን ጣቴ መሬት ይነካል፤ እንደ ሌላኛው እግር ግን አይታጠፍም። እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪሙን በየት በኩል እንደሚገባና ለምን፣ አጥንቱ ይቆረጥ እንደሆነ፣ ጣቱ ከመሬት ተነስቶ ቢቀርስ ምን እንደሚደረግ ጠይቁት።