አልበላም ያለችው የግቢያችን ድመት

ባሕር ዳር ላይ ድመት ዓሣ አልበላም ካለች አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። በሁዳዴ ግቢያችን የገባችው ግራጫ ድመት የቀረሶ ጭንቅላት ቀርቦላት አሸተት አድርጋ ትመለስ ነበር።

አከራያችን እማማ «ተያት ልጄ፣ እሷም ጾም ይዛ ይሆናል» ብለው ሳቁ።

እኔን ያሳሰበኝ አፍንጫዋ ነው። በደረቀ ንፍጥ ተደፍኗል፤ ዓይኗም ያነባል። ድመት የምግቡ ጠረን ካልመጣላት አፏን አትከፍትም። ስለዚህ ከምግቡ በፊት አፍንጫዋን ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጠረግሁላት። ጓንት አድርጌ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በድመት ንክሻም ይተላለፋል፤ የማያውቋትን ድመት ባዶ እጅ መያዝ ጥሩ አይደለም።

ከዚያ ትኩስ ቀረሶ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፣ ያለ ሽንኩርት ቀቀልሁ። እማማ በጾም ድስታቸውን ዓሣ እንዲነካው ስለማይፈልጉ ለእሷ አሮጌ ድስት ለየሁላት። አጥንቱን ለቅሜ፣ ከነመረቁ ለብ እንዳለ ከበርሜሉ ጀርባ አስቀመጥሁና ዞር አልሁ። ሰው ቆሞ እያያት አትበላም። መረቁን ላሰች!

ምክር ሰጪው ብዙ ነበር። ሽሮ ስጫት ያለኝ አለ፤ ሽሮው ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ወተት ያሉኝም ነበሩ፤ ያደገች ድመት ብዙ ጊዜ ወተት ያስቀምጣታል። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ፓራሲታሞል ከፍለሽ ስጫት አለኝ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ በጭራሽ!

መረቁን ብትልስም ሥጋውን በአንድ ጎን እያኘከች ትተፋው ነበር። ለሃጯም ይዝረበረባል። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ጉበቷ ስብ ይሞላና ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ስለዚህ በካርቶን አድርጌ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኋት። ክሊኒኩ የለመደው ላምና በሬ ነው። ሐኪሙ ግን አፏን ከፍቶ አየና ድዷ ቆስሏል አለኝ። የመድኃኒቱ መጠን በክብደት ስለሚሰላ ከአጠገቡ ካለው እህል ቤት ሚዛን ላይ ከነካርቶኗ አስመዘንናትና የካርቶኑን ቀነስን። መርፌ ተወጋች።

ቁስሉ ሲሽር ሥጋውን መጨረስ ጀመረች። ከፍሪጅ የወጣ ነገር ግን አሁንም አትነካም፤ ማሞቅ ግድ ነው። አሁን እሷን የሚያመክንልኝ ሐኪም እያፈላለግሁ ነው፤ ግቢው በግልገል ሳይሞላ።