የኢንፍሊክሲማብ ቢል የሚበላሸው የት ላይ ነው?

በአሜሪካ የኢንፍሊክሲማብ (እንደ ክሮንስ ላሉ የአንጀት መቆጣት በሽታዎች የሚሰጥ መድኃኒት) ክሌም፣ ማለትም ለመድን ሰጪው የሚላከው የክፍያ ጥያቄ፣ ሲዘጋጅ ትእዛዙ ላይ ያለውን ስም ብቻ ይዞ ኮድ መፈለግ ዋጋ ያስከፍላል። መታየት ያለበት የተከፈተው ብልቃጥ ነው። የመጀመሪያው የንግድ ምርት ሬሚኬድ ኮዱ ጄ1745 ነው፤ ያው አምራች ያለ ንግድ ስም የሚሸጠው ኢንፍሊክሲማብም በዚሁ ይሄዳል። ባዮሲሚላሮቹ (ከሬሚኬድ ጋር በጣም የሚመሳሰሉት ምርቶች) ግን የየራሳቸው ኮድ አላቸው፦ ኢንፍሌክትራ ኪው5103፣ ሬንፍሌክሲስ ኪው5104፣ አቭሶላ ኪው5121። በአንዱ ኮድ ከመድን ሰጪው ቅድመ ፈቃድ ተገኝቶ ፋርማሲው ሌላውን ከሰጠ፣ ፈቃዱም አብሮ ካልተቀየረ ክሌሙ ውድቅ ይሆናል። ዚምፌንትራ ደግሞ የለየላት ወጥመድ ናት፦ እንደ ኢንፍሌክትራ የመድኃኒት ስሟ (የንግድ ስሟ ሳይሆን) በ«ዲዋይዋይቢ» (dyyb) ያልቃል፤ ከቆዳ ሥር የምትወጋ ስለሆነች ግን ኮዷ ጄ1748 ነው።

ብዙው ገንዘብ የሚጠፋው ዩኒት (ክፍያ የሚቆጠርበት የመጠን መለኪያ) ላይ ነው። የእነዚህ ኮዶች አንድ ዩኒት 10 ሚሊግራም ሲሆን በደም ሥር የሚሰጠው ብልቃጥ 100 ይይዛል። 78 ኪሎ ለሚመዝን የክሮንስ ታማሚ በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲታዘዝ 390 ይመጣል፤ አራት ብልቃጥ ተከፍቶ 10 ሚሊግራም ይጣላል። ለሜዲኬር (ለመንግሥት የጤና መድን) በሁለት መስመር ይጻፋል፦ 39 ዩኒት ያለ ሞዲፋየር (ከኮዱ ጋር የሚጨመር ባለሁለት ፊደል ምልክት)፣ ከሥሩ 1 ዩኒት የተጣለውን ከሚያመለክተው ጄደብልዩ (JW) ጋር። ብልቃጥ ቆጥሮ 4 የጻፈ የ40 ሚሊግራም ብቻ ይከፈለዋል። ሚሊግራሙን እንዳለ 390 ያለው ደግሞ ከዩኒት ጣሪያ አልፎ ይመለስበታል። ታማሚው 80 ኪሎ ቢሆን ልክ 400 ነው፣ የሚጣል የለም፤ 40 ዩኒት ምንም እንዳልተጣለ ከሚያመለክተው ጄዚ (JZ) ጋር። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ወዲህ ባዶ መተው «ምንም አልተጣለም» ማለት አይደለም። የተጣለው መጠን መዝገቡ ላይ ካልሰፈረም ጄደብልዩው የኦዲት ምርመራን አያልፍም።

መድኃኒቱን በደም ሥር የመስጠቱ ሥራ ለብቻው ኮድ አለው፦ የመጀመሪያው ሰዓት 96413፣ ተጨማሪው 96415። ተጨማሪ ሰዓት የሚቆጠረው ቢያንስ 31 ደቂቃ ሲሞላ ስለሆነ፣ 2 ሰዓት ከ10 የፈጀ አንድ 96415፣ 2 ሰዓት ከ35 የፈጀ ሁለት ያገኛል። የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይጻፍ፤ «2 ሰዓት ገደማ» የሚል ማስታወሻ ማንንም አያድንም።

ኤንዲሲው (የምርቱ መለያ ቁጥር፣ NDC) ብልቃጡ ላይ 10 አኃዝ ነው፣ ክሌሙ ግን በሦስት ክፍል፣ በ5-4-2 አደራደር 11 ይፈልጋል። 11 ለመሙላት የምትጨመረው ዜሮ የምትገባው አኃዝ በጎደለው ክፍል ፊት ነው፤ ዝም ብሎ መጨረሻ ላይ መለጠፍ ቁጥሩን ያበላሸዋል።