ከድሬዳዋ ሆኖ ኮራል መለየት፦ ቀለሙን ተዉት፣ ግድግዳውን እዩ

ባሕር በሌለበት ከተማ እየኖሩ የኮራል ዓይነት መለየት መማር ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስላል። ድሬዳዋ ግን ከጅቡቲ ጋር በባቡር የተያያዘች ናት። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ወደ ሙሻ ወይም ወደ ማስካሊ ደሴት መሻገር ነው። በመጨረሻው ጉዞዬ ሁለት የሚመሳሰሉ ኮራሎችን ማንም ሳይነግረኝ ለየሁ። ደስታው ስላልበረደልኝ እጽፋለሁ።

ዋናውንና በቱቦ መተንፈሱን በሆቴል መዋኛ ገንዳ ተለማመድኩ። ስለዚያ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመዋኛ መነጽር (አፍንጫንም የሚሸፍነውን) ስትገዙ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አስቀምጡና በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ። ከወደቀ አትግዙት።

ያስቸገሩኝ ክብ ክብ የሆኑት ኮራሎች ናቸው። ቅርንጫፋሙ አክሮፖራ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ባለችው ተለቅ ያለች ጽዋ፣ ማለትም ኮራሉን የሚሠራው ትንሽ እንስሳ (ፖሊፕ) በሚቀመጥባት ጉድጓድ፣ ይታወቃል። ክቦቹ ግን በመጽሐፍ ፎቶ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቡናማ ነው፤ ባሕር ውስጥ ያ ሁሉ ይፈርሳል። የኮራል ቀለም በአብዛኛው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎችና ከራሱ ማቅለሚያ ስለሚመጣ አንዱ ዓይነት ብዙ መልክ አለው። ውሃው ደግሞ ከብርሃኑ ቀዩን ቀድሞ ይውጠዋል። በቀለም የሚያስተምር መጽሐፍ ለግድግዳ ጌጥ ይሁን!

መፍትሔው ፖሊፑ የሚቀመጥባቸውን ጽዋዎች ግድግዳ ማየት ነው። ፋቪቴስ የሚባለው ክብ ኮራል እንደ ሐረር ጀጎል ቤቶች ነው፤ ጎረቤታሞች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ዲፕሳስትሪያ፣ በቀድሞ ስሙ ፋቪያ፣ የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ግቢ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ አጥር አለው፣ በመካከልም ጠባብ መንገድ ይተዋል። ጽዋዎቹ ተያይዘው ጠመዝማዛ ሸለቆ ከሠሩ ፕላቲጂራ ነው። የእነዚህ ኮራሎች ፖሊፖች እጃቸውን የሚዘረጉት በአብዛኛው ማታ ስለሆነ ግድግዳው በቀን በደንብ ይታያል።

ለዚህ ሥራ ከካሜራ ይልቅ ነጭ የፕላስቲክ ቁራጭና እርሳስ ይሻላል። ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጉት፤ እርሳስ ውሃ ውስጥም ይጽፍበታል። ፎቶ ያነሳ ሰው አይቻለሁ ብሎ ያልፋል፤ የሚስል ግን ግድግዳው አንድ ነው ወይስ ሁለት ብሎ ራሱን ለመጠየቅ ይገደዳል። ሥዕሎቼን ለማንም አላሳይም፤ የተረገጠ ድንች ይመስላሉ ብዬ ነበር፣ ግን ድንቹን መበደል ይሆናል።

ዓሣ አልማርም፤ አይቆምልኝም። ጥንቃቄውን ግን አልዘልም፦ ኮራል ላይ አትቁሙ፣ አትንኩም። ሰናፍጭ መልክ ያለው፣ ጫፉ ነጣ ያለው ሚሌፖራ የእውነተኛ ኮራል ወገን አይደለም፣ ቆዳን ያቃጥላል። የባሕር ጃርትም በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል።

በነገራችን ላይ፣ በድሬዳዋ ዙሪያ የምናየው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ሥር የተከማቸ ነው። ባሕር የለንም ለሚሉኝ ወዳጆቼ የምመልሰው ይህንን ነው።

አሁን የያዝኩት ፖራይትስ የሚባለውን ኮራል መለየት ነው። ጽዋዎቹ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሱ ስለሆኑ ማዕበል እያንገላታኝ ግድግዳ መቁጠር አልቻልኩም። እጅ የማያስፈልገው ማጉያ መነጽር ላይ አሠርቶ የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ።