ከብዶ የመጣው ዱካት

ፎርጅድ ሳንቲም ቀልሎ ሲመጣ ለምደነዋል። ከብዶ የመጣብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ፎርጅድ አልነበረም።

ፍራንክፈርት፣ አሮጌ ወርቅና ሳንቲም በምንገዛበት ሱቅ ነው። አንዲት አሮጊት ከክብሪት ቀፎ ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ ዱካት፣ የድሮ የአውሮፓ ወርቅ ሳንቲም፣ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። የባደን ነው፣ የታላቁ መስፍን የሌኦፖልድ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1871 አንድ እስክትሆን እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሳንቲም ይመታ ስለነበር ዓይነቱ አያልቅም። ዱካት ሲባል ግን 3.49 ግራም፣ ጥራቱም ከሺህ 986 እንደሆነ በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ሚዛኑ ወደ 3.7 አለ። ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት፤ ወርቁ 93 ነጥብ ምናምን በመቶ፣ የቀረው ብር። ለአለቃዬ አሳየሁት፤ ከስልኩ እንኳ በቅጡ ቀና ሳይል ራሱን ወዘወዘ። “ማሽን አይዋሽም” ብሎ ያስተማረኝም እሱ ነው።

“ይቅርታ እመቤቴ፣ ይህ ትክክለኛ ዱካት አይደለም” አልኳቸው።

“ጽሑፉን አነበቡት?”

“አዎ” አልኩ። ያየሁት ምስሉንና ዓመቱን ብቻ ነበር።

“እስቲ ለእኔም ያንብቡልኝ።”

አጉሊ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ “አንድ ዱካት፣ ከራይን ወርቅ፣ 22 ካራት… 6 ግራም።”

ሳቁ። “6 ግራም ቢሆንማ ሚዛንዎ ዝም ይል ነበር?”

ከ6 ቀጥላ ያለችው “G” ግራም ሳትሆን ግሬን ናት፤ በድሮው አቆጣጠር የካራት አንድ አሥራ ሁለተኛ። ስለዚህ 22 ካራት ተኩል፣ ማለትም 93.75 በመቶ። ከራይን ወንዝ አሸዋ ታጥቦ የሚወጣው ወርቅ ከተፈጥሮው ብር አለበት፤ ባደኖች ከነብሩ መቱት፣ በጥራት የጎደለውንም በክብደት አካካሱት። ማሽኑ ያለውን ሁሉ ሳንቲሙ ጀርባው ላይ ጽፎት ኖሯል።

ይሄን ጊዜ አለቃዬ ስልኩን አስቀምጦ ተነሣ። “ይቅርታ ያድርጉልን፣ አዲስ ልጅ ነው” አላቸው። አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ስለ ግሬኑ እኔም ስቄ አልፌዋለሁ፤ “አዲስ ልጅ” ግን እስከ ዛሬ አልወረደልኝም። ዋጋ ሊጠራላቸው ሲጀምር ሴትዮዋ ዱካቱን በጥጡ ጠቅልለው፣ ቀፎውን ዘግተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሳላነብ የምመዝነው ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ቢጫ፣ አሮጌ፣ ምስሉ የተፋቀ ነገር አመጣልኝ። ጠርዙን ዞሬ፣ ፊደል በፊደል ቆጥሬ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀሁበት። የተጻፈው “የጨዋታ ምልክት” ነው፤ የድሮ ቁማርተኞች በገንዘብ ፋንታ ጠረጴዛ ላይ የሚደረድሩት ናስ።

አለቃዬ ከወዲያ ሆኖ፣ “መዝነኸው ቢሆን በአንድ ደቂቃ ታውቀው ነበር” አለኝ።